ስሟን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

እሁድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ። መካኒሳ እናቴ ቤት ሶፋ ላይ እግሬን ሰቅዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ስሠራ የከረመ ወገቤን እያሳረፍኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ልጄ ሄዳ ከፈተችና ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። ሽማግሌዎች መጥተዋል አለች።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች መጡ ማለቷ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ሦስት ወንዶች በራፉ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ግቡ ስንላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ስንላቸው ግን ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም አሉ። እዚህ አገር ይህን ቃል የሰማ ሰው ሌላ ነገር አይጠረጥርም፤ ልጅ ሊጠየቅ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያላገባች ልጃገረድ ደግሞ የእኔዋ ጉድ ብቻ ናት። ዞር ብዬ አፈጠጥኩባት። ትከሻዋን ሰብቃ የማውቀው የለም አለችኝ። ቆይ ብቻ ይውጡልኝ አልኳት በዓይኔ።

እናቴማ ከእኔ ቀድማ ተሰናድታለች። የጣልኩትን ሹራብ ከትራስ ሥር ወሽቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ቁጭ ብላለች። ልጅ የሚጠየቅ ቤተሰብ ገና ከጅምሩ ፈገግ አይልም፤ ቸኮሉ ይባላል። እኔ የመጡትን ማጥናት ጀመርኩ። ፊት የቆሙት ሐጂ ናቸው፤ የሰፈራችን የሸቀጥ ሱቅ ባለቤት፣ ከእናቴ ጋር ሲከባበሩም ሲነታረኩም የኖሩ ሰው። ቀጥሎ የዕድራችን ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ከኋላቸው ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ፣ ግንባሩን በሶፍት የሚጠርግ ወጣት አለ። ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ተሰልፎ መጣ እንዴ፣ ምን ዓይነቱ ወግ የማያውቅ ነው ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእርስዎ ቤት አንድ ነገር ፈልገን መጥተናል፣ እምቢ ብለው እንዳያሳፍሩን አሉ። እናቴም እንደ ደንቡ፣ ሌላ ቦታ ምን ታጥቶ ነው እኔ ቤት የተመጣው ብላ መለሰች።

«ስምዎን ነው የምንፈልገው እትዬ» አሉ ሐጂ። «ለአዲሱ ሕንፃ ይስጡን።»

ልጄ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ደግሞ የሱፉን ልጅ እንደገና አየሁት፤ የወረዳው ሥራ አስኪያጅ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወረዳው ከአቦ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ አንድ ፎቅ ሠርቷል። መታወቂያ የሚወጣው፣ ልደትና ጋብቻና ሞት የሚመዘገበው፣ የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው እዚያ ነው። ስም ግን አልነበረውም። ሰው ሁሉ አዲሱ ሕንፃ ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲሱ ሕንፃ የማይባል ሕንፃ የት አለና፤ በተቀጣጠሩ ቁጥር መጠፋፋት ሆነ። ነዋሪው ተሰብስቦ ስም ይምረጥ ተባለ። አዳራሽ ውስጥ አንዱ የወንዝ ስም፣ ሌላው የተራራ ስም እያነሳ ሲነታረክ ቆይቶ፣ አንዲት ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ብድግ ብላ የእናቴን ስም ጠራች አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም ያነሳ አልተገኘም። የእኛ ሰው ሕንፃ በሰው ስም የሚሰይመው ባለስሙን ከቀበረ በኋላ ነው፤ እሱም ጥያቄ ሆኖ ተነስቶ ነበር። ሴትየዋ ግን ከሞተችማ ምን ያደርግላታል ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ግድግዳ ላይ በትልልቁ ተጽፎላታል፣ ይበቃታል። ማን እንደሆነች ግን ልንገራችሁ። ጡረታ እስክትወጣ ክር ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር ስለለመደች፣ ዛሬም ጨው አቀብዪኝ ስትል ጎረቤት ይሰማል። በዚያ ድምጿ የሴቶች ዕድር መርታበታለች፤ የመንገድ መብራት እስኪተከል ድረስ ቢሮ ለቢሮ ተከራክራበታለች። ከሁሉ በላይ የሚነሳላት ግን የአጥሩ ነገር ነው። የሰፈራችን የውስጥ መንገድ ጠባብ ነበር፤ አምቡላንስ አይገባም፣ አስከሬን እንኳ እስከ ዋናው መንገድ በሰው ትከሻ ነበር የሚወጣው። ይስፋ ከተባለ ሁሉም ከአጥሩ መቀነስ አለበት፤ ሁሉም ደግሞ ከጎረቤቴ ይጀመር ይላል። ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። አንድ ጠዋት እናቴ የፋብሪካ ካፖርቷን ለብሳ የራሷን ቆርቆሮ አጥር መንቀል ጀመረች። ማንንም አልጠራችም፤ ያ ሁሉ የቆርቆሮ ጩኸት ግን ማንን ያስተኛል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሐጂም ዶማ ይዘው ወጡ። አመሻሹ ላይ ግቢ ለግቢ እየተያየን ነበር፤ ማን ምን እንዳሰጣ ሁሉ ታወቀ። ዛሬ መኪና የሚገባበት መንገድ እሱ ነው።

እንግዲህ ስምሽን ስጪን የተባለችው እሷ ናት። እኔ ደስታዬን መያዣ አጣሁ። ጀሞ ያለው ፀጉር ቤቴ ውስጥ ለየትኛዋ ደንበኛዬ ወሬውን ከየት ጀምሬ እንደምነግር በሐሳቤ ጨርሻለሁ። እናቴ ግን አልቸኮለችም። ልጇ እንደተጠየቀች ሴት ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሕንፃው ማለት ነው፣ ትጠይቅ ጀመር። በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው? ምሳ ሰዓት ባለጉዳይ ይወጣል ወይስ ይቀመጣል? ጠባዩስ እንዴት ነው፣ ትልቅ ሰው ያከብራል? ሥራ አስኪያጁ ሐጂን እያየ፣ ሐጂ ጣሪያውን እያዩ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ከቤተሰቤ ጋር ልምከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብላ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። ያኔ ገና ተቀመጡ፤ ሻይና ዳቦ ቀረበላቸው።

ከሄዱ በኋላ ተነሳሁባት። ሰው እንዲህ ያለ ክብር እጁ ድረስ ሲመጣለት እሺ አይልም ወይ፣ ምን የሚያስመክር ነገር አለው አልኳት። የተረፈውን ዳቦ እየሸፈነች ቦኖውን ረሳሽው ወይ አለችኝ። አልረሳሁትም።

እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ነበር። አንድ አናጺ ጎረቤታችን፣ ደግ ሰው፣ ሥራውን እየጣለ በየቢሮው ሲለምን፣ በየቤቱ እየዞረ ሰው ሲያስተባብር ከርሞ ቦኖ አስተከለልን። ሰፈሩም ውለታውን ሊመልስ ቦኖውን በስሙ ጠራው። መጀመሪያ ላይ ስሙ ከምርቃት ጋር ነበር የሚነሳው። ከዚያ ውሃው ይጠፋ ጀመር። ሰውየው ምን ያድርግ? የሚዘጋው ከላይ ነው። ሴቶቹ ግን ጀሪካን ደርድረው ፀሐይ ሲመታቸው በምሬት የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። ዛሬም የእሱ ነገር ባዶ ነው ይላሉ፤ እሱን የጠበቀ እራቱን አይሠራም ይላሉ። እነሱ ስለ ውሃ ነው የሚያወሩት፤ ልጆቹ ግን የአባታቸው ስም ሲረገም ነው የሚሰሙት። ትልቋ ልጁ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ወረፋ ላይ ቆማ ይህን ስትሰማ ጀሪካኗን ጥላ ወደ ቤቷ ስትሮጥ አይቻለሁ። ሰውየው ቀስ በቀስ በቦኖው በኩል ማለፍ ተወ። በኋላም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄደ።

እናቴ የፈራችው ይህን ነው። የምታወርሰን ሀብት የላትም፤ ቤቱም ለልማት ይነሳል አይነሳም ሲባል ነው የምንኖረው። ስሟን ግን ማንም በክፉ አንስቶባት አያውቅም። አሁን ያ ስም ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ በሚባልበት ቤት በር ላይ ሊሰቀል ነው።

«የሚበሳጩት በወረፋው ነው ትይኝ ይሆናል» አለችኝ። «የሚጠሩት ግን እኔን ነው።»

የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሙሽራውን ልታይ ሄደች። ጠዋት ገብታ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፤ ጉዳይ የላትም፣ ማየት ብቻ። ጥበቃው ከበሩ ጀምሮ ደግፎ አስገባት። መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞች ሰውን ሁሉ እናቴ፣ አባቴ እያሉ ያስተናግዳሉ። ሲስተሙ እንኳ ያን ቀን አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ መምጣቷን ሰምቶ ከላይ ወርዶ የታሸገ ውሃ ይዞላት ቀረበ። እሷ እቴ፣ ተናዳ ተመለሰች። ደግማ ብትሄድም ያው ነው፤ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ፈገግታ። መካኒሳ ውስጥ የማያውቃት ሰው ስለሌለ እውነቱን ማየት አልቻለችም። ሙሽራ አማቱ ስትመጣበት ጨዋ ቢሆን ምን ያስደንቃል ብላ ስትነጫነጭ አመሸች። አንድ ነገር ብቻ ይዛ መጣች። መጸዳጃ ቤት ብላ ብትጠይቅ ቁልፍ ፍለጋ ሩጫ ሆነ፤ ለካስ ቁልፉ የሚቀመጠው ከአንድ ኃላፊ ዘንድ ነው። ለእሷ ተከፈተላት። ቀና ብላ ለሌላውስ ማን ይከፍታል አለቻቸው።

ስለዚህ ማጣራቱ ወደ እኔ ዞረ። ደግሞም ትክክለኛ ሰው ጋ ነው የመጣችው። ደንበኞቼ ግማሾቹ ከመካኒሳ ጀሞ ድረስ ተከትለውኝ የመጡ ናቸው፤ ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ደግሞ የማትናገረው የለም፣ ማሽኑ ስለሚጮህባት የምትናገረውም ጮክ ብላ ነው። ቢጎዲን እየጠቀለልኩ ስለ አዲሱ ሕንፃ ጣል አደርጋለሁ፤ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል። አንዷ ስታመሰግን ውላ ሄደች፤ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት የሠራላት ልጅ ምሳውን ትቶ ነበር። ሌላዋ ግን አራስ ልጅ ታቅፋ ምሳ ሰዓት ሆነ ብለው ከነዝናቡ አስወጡኝ አለች። አንዲት ባሏ የሞተባት ደንበኛዬ ደግሞ፣ የሞቱን ማስረጃ ልታወጣ ሄዳ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ ሲሏት በመጨረሻ ሞቱን እስክረሳው ነው የሚጠብቁኝ ብዬ ተውኩት አለችኝ። ሁሉንም ለእናቴ በስልክ አቀበልኳት፤ ምኑንም አላለሰለስኩም።

ቀጠሮው ደረሰና ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እንደገና ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ሶፍቱን በእጁ ጨብጦ ነው የመጣው።

«ሙሽራውን አጣርቻለሁ» አለች እናቴ። «መልኩ ጥሩ ነው። ጠባይ ይቀረዋል።»

ከዚያ አወረደችው። አራሷን ነገረችው፣ ባሏ የሞተባትን ነገረችው፣ ቁልፉን ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሊከላከል ሞክሮ ነበር፤ ኔትወርኩ ከእኛ እጅ ውጪ ነው፣ በጀት፣ የሰው ኃይል እያለ። እናቴ ኔትወርኩ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ አለችው። ወንበሩ ግን ያንተ ነው፤ ጥበቃው ያንተ ነው፤ ሲስተም የለም ለማለትም አነጋገር አለው፣ ተነስቶ መናገርና አንገት ደፍቶ ማጉረምረም አንድ አይደለም። ሰው ዝናብ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ መጸዳጃው የሚቆለፍ ከሆነ፣ የወንዝም ይሁን የተራራ ስም ያላችሁት ይሰየምበት እንጂ እኔ ስሜን አልሰጥም። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ልትከለክላቸው ነው ብዬ ፈርቼ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል የምፈልገው አልመሰለኝም ነበር።

ልጁ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ አልተቆጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐጂን ሳያይ ቀጥታ ለእሷ መለሰላት። የምችለውን አደርጋለሁ፣ የማልችለውን አልዋሽዎትም አለ። እናቴም ዋስ ማን ነው ስትል ጠየቀች፤ እዚህ አገር ያለ ዋስ የሚያልቅ ነገር የለምና። ሐጂ አላመነቱም። ሱቃቸው ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው፤ ሰው እያለቀሰ ሲወጣም እየሳቀ ሲወጣም ከባንኮኒያቸው ሆነው ያያሉ። እኔ ዋስ ነኝ፣ ሰው ሲጉላላ ካየሁ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ አሉ። እናቴም ያን ጊዜ ስሜ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የተዳረች ልጅም ከተበደለች ወላጆቿ ቤት ነው የምትመለሰው አለች። ሥራ አስኪያጁ አንዴ በውሳኔ የጸደቀ ስያሜ እንዴት እንደሚሻር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ የዕድሩ ጸሐፊ አጠገቡ ሆነው በኃይል ሳሉ። ተወው።

እሺ አለች። ጓዳ የነበረችው ልጄ እልል አለች፤ ልጅ ተሰጠ ብለው ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁም ያሉን ነበሩ።

የምረቃው ዕለት የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወረዳው የእናቴን ፎቶ አስተልቆ በሩ ላይ ሰቀለው፤ ዙሪያውን ደግሞ አበባ። እኛ ሰዎች በአበባ የተከበበ ፎቶ ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከብስራተ ገብርኤል አንዲት ዘመዳችን የፎቶው ወሬ ደርሷት እያለቀሰች ደወለችልኝ፣ እንዴት ሳትነግሪኝ ትቀብሪያታለሽ ብላ። ስልኩን ለራሷ ለእናቴ ሰጠኋት፤ በፋብሪካው ድምጿ ስትመልስላት ሴትየዋ ከድንጋጤዋ ብዛት ዘጋችው። ንግግሩ ረዘመ፣ ማይክራፎኑ ጮኸ፣ መጋረጃው አልገለጥ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ወጣ። ስሟ ሲታይ ሰው አጨበጨበ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ሠርግ ላይ የሙሽራ እናት እንደምታለቅሰው ነበር ያለቀሰችው፣ ደስታውም ሥጋቱም አንድ ላይ። እኔ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ፎቶ ሳስነሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚያ ሕንፃ ደርሳ አታውቅም። ምነው ስላት፣ ልጇን የዳረች እናት በየቀኑ እየሄደች ድስት አትከፍትም አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ በዚያ በኩል ላለማለፍ በውስጥ ለውስጥ ትዞራለች። ግን እንቅልፍ አልነበራትም። ሐጂ ጋ ትደውላለች፤ ደህና ነው ይሏታል፤ ዋስ ምን ሊል ነው ብላ አታምናቸውም። ስሙ ደግሞ ከእጇ ወጥቷል። የታክሲ ረዳቶች ግማሹን ቆርጠው ጥለው በቀረው እየጮሁ ሰው ይጭናሉ። እኛ ቤት አክብረን የምንጠራውን ስም አንድ ጎረምሳ በር ላይ ተንጠልጥሎ በቁልምጫ ሲጠራው መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ግን ሹሩባ የምሠራላት ሴት በስልክ ስታወራ፣ የእናቴን ስም ጠርታ እሷ ጋ ሄጄ ከጠዋት ጀምሮ አቃጠሉኝ አለች። ሚዶው ከእጄ ወደቀ። ሴትየዋ የማን ልጅ እንደሆንኩ አታውቅም። ያን ያህል የፈለግሁት ነገር ጆሮዬ ላይ እንደ ስድብ መጣ፤ ሹሩባዋን ጨርሼ ሸኘኋት። ለእናቴ ልነግራት አልፈለግሁም ነበር። ልጄ ግን አብራኝ ነበረችና፣ አፏ መቼ ያርፋል፣ እራት ላይ አመለጣት። እናቴ የጎረሰችውን ዋጠች። ጀመረ እንግዲህ አለች፤ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። እሷ ቀስ ብላ ስትናገር ያን ቀን ገና ሰማሁ። ሐጂም ሰምተው አዘኑ፤ እኔ እኮ ለሶላት ስገባ የሆነውን አላይም እያሉ ሲጨነቁ ሰነበቱ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ እናቴ የመታወቂያ እድሳቷ መድረሱን ነገረችኝ። ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘላት ትልቅ ጥቁር መነጽር ግማሽ ፊቷን ይዞታል። በዚያ ላይ ለመንገዱ አቧራ ማስክ አደረገች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አወረደች። የወለደችኝን ሴት እኔ ራሴ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም። ይኸኔ ነው መሄድ አለች። አብሬሽ እሄዳለሁ ብዬ ብጨቃጨቅ ፊትሽን ሁሉ ያውቀዋል፣ ሐጂ ሱቅ ተቀመጪ ብላ ትታኝ ገባች።

እኔና ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠን በሩን እናያለን። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ እሷ የለችም። ሐጂ ስኳር የጠየቃቸውን ሰው ሩዝ መዘኑለት። ሲስተም የለም ብለው እያቆሟት ይሆናል አልኳቸው፤ ልገባ ተነሳሁ፤ ተይ፣ አደራዋን ተይ ብለው አስቀመጡኝ። አንድ ነገር ቢያደርጓት ያን ጽሑፍ በእጄ ነቅዬ እንደማወርደው ነገርኳቸው። መሰላል አለኝ አሉ ሐጂ፤ መቀለዳቸው ይሁን የእውነታቸው አላውቅም።

ምሳ ሰዓት አልፎ ወጣች። መንገዱን አሻግሬ አመጣኋት። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበችና ቀስ እያለች ነገረችን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አዲስ ናት፣ ከሌላ ቦታ ተዛውራ የመጣች። ሲስተሙ እውነትም ጠፍቶ ነበር። ልጅቷ ተነስታ ቆማ ጠፍቷል፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ መቆየት የማትችሉ ስልካችሁን ተዉልኝ እደውላለሁ ብላ ለሁሉ ተናገረች። የራሷን ወንበር ለአንዲት እርጉዝ ሰጥታ ቆማ ሠራች። አንድ ዘመናይ ሰውዬ ስልክ አስደውሎ ሊቀድም ቢል፣ በትሕትና ወረፋው ከእማማ ኋላ ነው ብላ መለሰችው። ምሳ ሰዓት ሲሆን የወጣ ሰው የለም። መጸዳጃውም ክፍት ነው፣ ገብቼ አይቻለሁ አለች እናቴ።

ተራዋ ደርሶ ስሟን ስትናገር ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ስምዎ እንደ ሕንፃችን ነው አለቻት። እናቴም አዎ፣ ሞክሼዎች ነን አለች። ከዚያ፣ ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም፣ ባለስሟን ታውቂያት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቃቸውም እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አለች ልጅቷ። «ግን እዚህ ስንመደብ መጀመሪያ የሚነገረን ነገር ስማቸውን እንዳናሰድብ ነው።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው የተደረደረውን ሳሙና እንደገና መደርደር ጀመሩ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እዚያው ሰው መሃል አለቀስኩ፣ ኩሌ እስኪፈስ። ምነው ታዲያ አልነገርሻትም፣ እኔ ነኝ አትያትም ነበር አልኳት። እናቴ ሐኪሙ እንዳታወልቂ ያላትን መነጽር አውልቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«ብነግራት ለእኔ ብላ ነው ደግ የምትሆነው» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ ፊቷ በርቷል። «ልጄን ደህና ይዘዋታል።»